ከሃምሳ ስምንት ወደ ሠላሳ ዘጠኝ

ጥር 14 ቀን 1979

የሞዴል ፈተናውን እርማት ጨረስኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ፣ የመጀመሪያው ዙር። ጣቴ ሁሉ ቀይ ቀለም... ሻይ አፈላሁ፣ ረሳሁት፣ ቀዝቅዞ ጠጣሁት።

አማካዩ ከመቶ ሃምሳ ሁለት። ዳይሬክተራችን ጓድ ግዛቸው በር ላይ ጠብቆ «ስንት ገባ?» አለኝ። ይህ ሰው ምን ተምሮ ዳይሬክተር እንደሆነ ከመምህራኑ አንድም የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ሁለት ስለው ፊቱ በራ። «ከግማሽ በላይ! ማለፊያ ነው!»

ምኑ ነው ማለፊያ? ፈተናው ምርጫ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ፊደል። ጥያቄውን ጨርሶ ያላነበበ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ እንኳ ከመቶ ሃያ አምስት አያጣም። ላስረዳው ሞከርኩ። «ጓድ ደሳለች፣ አንቺ ሁልጊዜ ጨለማው ነው የሚታይሽ» ብሎኝ ሄደ።

በቃ። ቁጥር ሲያይ የሚሰክር ሰው ነው።

ሙኒያ ሸፊ ሰባ አራት፣ ከክፍሉ አምስተኛ። የእሷን ወረቀት ማረም አይሰለቸኝም። ያልገባትን ባዶ ትተዋለች እንጂ አትቀባጥርም። ወንድሟ ሳቢት አርባ ሁለት። እሱ አንድ ዓመት ደግሞ ነው እኩል የሆኑት። አባታቸው አዲሱ ገበያ ሱቅ አለው። አርባ ሁለት... በግምት ያገኘውን ስቀንስለት በእውነት የሚያውቀው ከመቶ ሃያ ገደማ ነው። ፀጉሩን ለማበጠር የሚያጠፋውን ጊዜ ግማሹን ለትሪጎኖሜትሪ ቢሰጥ... አይሰጥም።

ጥር 21

ጓድ ግዛቸው አማካያችንን በካርቶን ላይ ሥሎ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለ። አንዲት ነጥብ ብቻ ያላት ግራፍ። ከነጥቧ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ከወዲሁ አስደርጎበታል። በቀይ።

የካቲት 9

ሁለተኛው ሞዴል ዛሬ ተሰጠ። እኔ እንዳላወጣው ተደረገ። «ከዩኒቨርሲቲ ሰው አስወጥቻለሁ» ይላል ጓድ ግዛቸው፣ እያንዳንዷን ፊደል እየጎተተ። ያወጣው ሰው በሕይወቱ ተማሪ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ግማሹ ከመጽሐፋችን ውጭ ነው። ሲባዛ ደግሞ ስቴንስሉ ተቀድዶ የሦስተኛው ገጽ ምልክቶች ጠፍተዋል። ልጆቹ ሲወጡ አመድ መስለዋል።

የካቲት 11

አማካዩ ሠላሳ አራት። ቀስቱን አሁን ምን ሊያደርጉት ነው?

«የዲሲፕሊን ጉድለት ነው» አለ ጓድ ግዛቸው። ፈተናው ከበደ እንጂ ልጆቹ አልደደቡም፣ ክፍሉ ሙሉ በአንድ ወር አብሮ አይደድብም አልኩት። «ከባድ ፈተና የለም፣ ያልተዘጋጀ ተማሪ እንጂ!» አለ። የራሱን አባባል ሰማው፣ ጣመው፣ ደገመው።

ሙኒያ ሃምሳ አራት። ከሰባ አራት ሃምሳ አራት... ላላወቀ ሰው ወረደች። በደረጃ ግን ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ ወጥታለች። ሁሉም ሲሰምጥ ትንሽ የሰመጠ ነው ዋናተኛው።

ቶለሳ ስልሳ፣ አንደኛ። ይጠበቃል። ልጁ በሕልሙም የሚያባዛ ነው።

ሁለተኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳቢት ሸፊ! ሃምሳ ስምንት! ከቶለሳ ኋላ ነው የሚቀመጠው።

የካቲት 14

የወላጆች ስብሰባ። ጓድ ግዛቸው መድረክ ላይ ሳቢትን አስነሥቶ አስጨበጨበለት። «ሁሉ ሲወርድ ይህ ወጣት ከአርባ ሁለት ወደ ሃምሳ ስምንት ተወነጨፈ!» ተወነጨፈ... እንደ ሮኬት። አባትየው ጋሽ ሸፊ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ፣ ደግሞ አድርጎ... የሚያደርገው ጠፋው። ሰውየው ስሙ በሰው ፊት በደግ ሲነሣ የሰማው የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሳያንስ «እኅቱ ግን እየደከመች ነው፣ ሃያ ነጥብ ጥላለች። ሴት ልጅ እዚህ ክፍል ስትደርስ ሐሳቧ ይከፋፈላል» ብሎ ጨመረ። ሙኒያ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር። አንገቷን አልደፋችም። አየኋት።

የካቲት 15

እሑድ። ከጸሎት መልስ የቶለሳንና የሳቢትን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

ሃምሳ ጥያቄ ነው። ቶለሳ የሳተው ሃያ። ሳቢት ሃያ አንድ። የቶለሳ ሃያ ስሕተት አንድ ሳይቀር ሳቢት ላይ አለ። በዚያው ፊደል! ሁለት ሰው ትክክሉን አብሮ ሊያገኘው ይችላል፤ ትክክል አንድ ነው። ስሕተት ግን ሦስት መንገድ አለው። ሃያ ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ አብሮ የሚስት የለም። የቀረችው አንዷ ደግሞ ሲገለብጥ የተሳሳታት ናት። መኮረጅ እንኳ በወጉ አይችልበትም።

ለዳይሬክተሩ ልንገር? ብነግረው ሳቢት ይባረራል። የተባረረ ወንድ ደግሞ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ጎድሎበት ቤት ለቤት ይዞራል። ለአንድ ጅል ኩረጃ ሰሜን ድረስ?

ዝም ልበል። ዝም ብል ማን ይጎዳል? ማንም።

የካቲት 17

ሙኒያ ትናንትም ዛሬም አልመጣችም። ሳቢትን «እኅትህስ?» አልኩት። ጫማውን እያየ «አባዬ ሱቅ ያዢ ብሏት ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ማትሪኩስ? ትከሻውን ነቀነቀ።

ማንም አይጎዳም ብዬ ጽፌ ነበር ከላይ። ጥሩ።

የካቲት 18

ጓድ ግዛቸውን ቢሮው ገብቼ «ለወላጆች አንድ ወረቀት እንላክ፤ ሁለቱ ፈተናዎች እንደማይወዳደሩ እንግለጽ» አልኩት። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ። «ጓድ ደሳለች... እሑድ እሑድ የት እንደምትውይ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። እስካሁን አላውቅም እያልኩ ነው የመለስኳቸው።»

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ በሰው ቤት መጋረጃ ዘግተን በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። ያውቃል ማለት ነው። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ከቢሮው ስወጣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ንቀቱ በለጠብኝ። ከመቶኛ በቀር የማያውቅ ሰው፣ እሱንም የማያውቅ!

የካቲት 21

ሱቁ ሄድኩ። የተማሪ ቤት ደጅ መጥናት አልወድም። ሄድኩ እንጂ።

ሙኒያ ከባንኮኒው ኋላ ሳሙና ትደረድራለች። «ሰላም ቲቸር» አለች፣ ቀስ ብላ። ጋሽ ሸፊ በርጩማውን በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ። ሰዎች ነበሩ፣ ቢሆንም ጀመርኩ።

«ጋሽ ሸፊ፣ ሙኒያን ለምን አስቀሯት?»

«ደክሟታላ መምህርት። ሰባ አራት የነበረች ሃምሳ አራት። ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ነገረኝ እኮ። ወንድሟ ወደ ላይ ነው፣ እሷ ወደ ታች ናት። ሱቁን ብቻዬን አልቻልኩት፣ አንዱ ይማር፣ አንዱ ይርዳኝ። ደግሞ ወልቂጤ ያለ ደህና ነጋዴ ጠይቋታል።»

«አልወረደችም እኮ!»

«ከሰባ አራት ሃምሳ አራት?»

እና እኔ ብልጧ፣ ሱቅ ስለሆነ በሱቅ ቋንቋ ላስረዳው አልኩ። «ይኸውልዎ፣ በመጀመሪያ በአንድ ሚዛን መዘኗት። ቀጥሎ በሌላ ሚዛን። ሚዛኑ የተበላሸ ከሆነ...»

«ሚዛኔ ምን ሆነ?»

«የእርስዎን አይደለም፣ ማለቴ...»

«ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ተቆጣጣሪ አይቶታል! ወላሂ አንድ ግራም አላጎደልኩም!» ጆሮው ቀላ። ምስር የገዛች ሴትዮ ከበር ተመልሳ ከረጢቷን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። «እስቲ ድገሙልኝ» አለች። ሌላዋም «እኔም ስኳሩን» አለች።

ሳቢት ኮረጀ ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት... ዋጥኩት። እየመዘነ፣ እየማለ፣ ሳያየኝ «በሰላም ይግቡ መምህርት» አለኝ።

እስከ ቁስቋም ዳገቱን ስወጣ ራሴን ስሰድብ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት ያልቻልኩ።

የካቲት 24

ሳቢትን ከክፍል አስቀረሁት። ሁለቱን ወረቀቶች ፊቱ ዘረጋሁ። ማብራራት አላስፈለገም።

«ለዳይሬክተሩ ነገሩት?»

«ብነግረው አሁን እዚህ ትቆም ነበር?»

ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋ።

«እኅትህ ሱቅ የተቀመጠችው በዚህ ወረቀት ነው። አንተ የቶለሳን ጭንቅላት ተውሰህ ተጨበጨበልህ፣ እሷ የራሷን ይዛ ተቀጣች። ፀጉርህ ግን አምሮብሃል።»

እንባ ይመጣል ብዬ ነበር። አልመጣም። «ቲቸር፣ አባዬ ያን ቀን ማታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ለስላሳ ጋበዘ። እጄን ይዞ ነው የተቀመጠው። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄን ይዞኝ አያውቅም» አለኝ።

«እና?»

«እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው?»

«በአፍህ።»

አባረርኩት። የሚናገር አይመስለኝም። የእሱ ዓይነት ይስቃል፣ ያልፋል፣ ይረሳል።

መጋቢት 2

እናትየው ኡሙሀኒ ቤቴ ድረስ መጣች። ከዳገቱ የተነሣ ትንፋሿ ተቆራርጦ... ውኃ ሰጠኋት።

ነግሮታል! ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ ራሱ። «አባዬ፣ ሃምሳ ስምንቱ የእኔ አይደለም» ብሎ። ጋሽ ሸፊ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ሁለት ቀን ማንንም አላናገረም። ሳቢትንም አልመታውም። «ቢመታው ይሻል ነበር» አለች ኡሙሀኒ። ትናንት ግን አፉን ፈታ።

«ምን አሉ?»

«ያቺ ስለ ሚዛን ያወራችው መምህርት ሁለቱንም እፊቴ ትፈትንልኝ አለ። በወሩ መጨረሻ። እስከዚያ ሙኒያ ከሱቅ አትነቃነቅም። ለወልቂጤው ሰውዬም መልሱ ያኔ ነው።»

ሳቢት ላይ ተሳስቻለሁ? አንዴ እውነት መናገር ሰውን ሰው አያደርገውም። ቢሆንም... አልጠበቅኩትም።

መጋቢት 19

ፈተናውን አወጣሁ። ምርጫ የለውም። ፊደል የሚያጠቁርበት ቦታ የለም። አሠራሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚጽፍበት ባዶ ወረቀት ብቻ። ክብደቱን ከመጀመሪያው ሞዴል ጋር አስተካክያለሁ፣ ከፍም ዝቅም አላልኩም። በዚህ ላይ ግምት አይሠራም። ያላወቀ ዜሮ ነው።

መጋቢት 27

እሑድ። ጸሎቱን ቀረሁ። ዘበኛው ክፍል ከፈተልን። አንዱን ፊት፣ አንዷን ጥግ አስቀመጥኩ። ጋሽ ሸፊ ጋቢውን አጣፍቶ የመጨረሻው ዴስክ ላይ እግሩ አልገባለት ብሎ ወደ ጎን ተቀመጠ። እንደዚያው ሆኖ ሲጠብቅ ቆየ።

እዚያው አረምኩ። ሙኒያ ሰባ አንድ። ያለ ምርጫ ሰባ አንድ! ተማሪ ቤት ሳትመጣ! አባቷ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ከዚያ የሳቢትን ወረቀት ያዝኩ። ገልብጬ አየሁት። እንደገና አየሁት። የመስመሩ አካሄድ፣ ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት የምትደረገው ሦስት ነጥብ... የሙኒያ አጻጻፍ ነው። «ማን አስተማረህ?» አልኩት። ለካ ማታ ማታ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከባንኮኒው ኋላ በስኳር ወረቀት ላይ ስታሠራው ከርማለች። እሷን ያስቀራትን ልጅ!

«ስንት አመጣ?» አለ ጋሽ ሸፊ።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

ተነሣ። «ከሃምሳ ስምንት ሠላሳ ዘጠኝ?» ጋቢውን ሰበሰበ። ሳቢት ወለሉን ያያል።

«ይቀመጡ» አልኩት። ተማሪን እንደማዘው ነው የወጣኝ። ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ምሳሌ አላመጣሁም። «ሃምሳ ስምንቱን ይርሱት፣ የሌላ ልጅ ነው። የእሱ አርባ ሁለት ነበረ። ከአርባ ሁለቱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንዲሁ ሲያጠቁር የገጠመለት ነው። በእውነት ያውቅ የነበረው ሃያ ነው። ይህ ሠላሳ ዘጠኝ ግን አንዲትም የዕድል የለበትም። ሁሉንም ከራሱ አውጥቶ ነው የጻፈው።»

«እና... ወጣ ነው የሚሉኝ?»

«እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

ሳቢት ቀና አለ።  አባትየው በመጨረሻ ለእኔ ሳይሆን ለሙኒያ «ነገ ደብተርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አላት። ለሳቢት ምንም አላለውም። ሲወጡ ግን በሩን ይዞ ያሳለፈው እሱን ነው።

መጋቢት 29

ዘበኛው አውርቷል። ጓድ ግዛቸው የመምህራን ክፍል መሐል ቆሞ «ከሃምሳ ስምንት ወደ ሠላሳ ዘጠኝ! የጓድ ደሳለች ልዩ ትምህርት ውጤት!» አለ። ሳቁለት። አሸርጋጆች። ከመካከላቸው ሁለቱ ሒሳብ አስተማሪ ናቸው እኮ!

መልስ መስጠት ይቻል ነበር። ሃያውን ስሕተት ላውጣው? ብናገር ግን ልጁ ይባረራል። ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ።

ግንቦት 11

የማትሪክ ሒሳብ ዛሬ ሆነ። ሁለቱም ጾም ላይ ናቸው፣ ረመዳን ነው። ሳቢት ሲወጣ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። «ቲቸር፣ ሦስት ብቻ ነው የገመትኩት» አለኝ። እንዳሸነፈ ሰው።

ነሐሴ 12

ውጤት መጣ።

ሙኒያ ሒሳብ ኤ። አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ትገባለች። ኡሙሀኒ መንገድ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ነጠላዬ ራሰ።

ሳቢት ሒሳብ ሲ። ሲ! በእጁ የሠራት። እንግሊዝኛ ኤፍ፣ ሁለት ዲ... ድምሩ የትም አያስገባም። ሒሳቡን እኔ አየሁለት፣ ሌላውን ማን አየለት? ማንም። እኔም አላየሁም።

ጓድ ግዛቸው ያለፉትን ቆጥሮ ግራፍ እያሠራ ነው። የወደቁት ግራፍ ላይ አይወጡም።

መስከረም 19 ቀን 1980

ትናንት ሳቢትን ወሰዱት። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሰብስበዋቸው ነበር፣ ሰምቼ ወረድኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። ፀጉሩን ላጭተውታል። ጆሮው ትልቅ ነው ለካ፣ አይቼው አላውቅም።

«ቲቸር!» አለ ከመኪናው ላይ። ሌላ ነገር ተናገረ፣ በሞተሩ ድምፅ አልሰማሁም። እናቶች ይጮኻሉ። ጋሽ ሸፊ ከመኪናው ጎን እጁን ዘርግቶ ሮጠ። ልጁም ዘረጋ። ነኩ አልነኩም... አላየሁም።

ቤቴ ገብቼ ሰው ሁሉ አስጠላኝ። ኮታ የሚሞላው፣ ግራፍ የሚሥለው፣ የሚያጨበጭበው። እኔም።

ጥቅምት 13

ቅዳሜ። በአዲሱ ገበያ ሳልፍ ጋሽ ሸፊ ከሱቁ ወጥቶ ጠራኝ። በርጩማ አወጣልኝ። ከስቷል። ከማሠልጠኛው እስካሁን ወሬ የለም።

ሙኒያ ደህና ናት አለኝ፣ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚያድሩት።  ደግሞ...

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ዕለት... ሠላሳ ዘጠኝ ሲመጣ ወጣ ብለውኛል። እውነትዎን ነበር? ወይስ እኔ እንዳልቀጣው ብለው ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ በቁጥር እዋሻለሁ ወይ ብዬ እቆጣ ነበር። ተነሣሁ። ቤቴ ወጥቼ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ተመልሼ መጣሁ። ዳገቱን ወጥቼ፣ ወርጄ... ስመለስ በርጩማው እዚያው ነበር።

ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ጋሽ ሸፊ መሐረቡን አውጥቶ እጁን ጠረገ፣ ከዚያ ነካው። ቁጥር ያውቃል፣ ሌላው አይገባውም። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሬ እያንዳንዷን መስመር አስረዳሁት። ይህን ከየት አመጣው፣ ይህን ለምን ወዲያ አሻገረው። ልጁ የጻፈውን በጣቱ እየተከተለ መጣ። አልቸኮልኩም። አንዴም ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዲህ በትዕግሥት ሲከተለኝ የመጀመሪያዬ ነው... ወይስ እኔ ነኝ በትዕግሥት ስናገር የመጀመሪያዬ?

አራተኛው ላይ በቀይ ሰርዤበታለሁ። ጣቱ እዚያ ቆመ።

«ይኼ ስሕተት ነው?»

«መልሱ ስሕተት ነው። አሠራሩ ግን እዚህች መስመር ድረስ ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ሲቀንስ ነው የሳተው።»

«እስከዚህ ድረስ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

አንዲት ሴት መጥታ ሳሙና ጠየቀች። «ትንሽ ቆዪ እናቴ» አላት፣ ጣቱን ከመስመሯ ሳያነሣ። ወደ እኔ ዞረ።

«ቀጥሎ ያለውንስ?»